«ጨጓራ ነው» ከተባለ በኋላ፦ የጨጓራ ካንሰር ሕክምና ከጣና ዳር ሲታይ

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሰው ከምሳ በኋላ ደረቱን ይዞ «አቃጠለኝ» ካለ አጠገቡ ያለው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ተልባ፣ ሌላው ፌጦ ያዝለታል፤ ሦስተኛው ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል እንዲገዛ ይመክረዋል። ለሕመሙም ወዲያው ስም ይወጣለታል፤ «ጨጓራ ነው»። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው፤ ቃር ወይም ቁስለት ይሆናል። ችግሩ የጨጓራ ካንሰርም ሲጀምር ከዚህ የተለየ ምልክት አለማሳየቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 968 ሺህ ያህል ሰዎች የጨጓራ ካንሰር እንደያዛቸው ታውቋል፤ 660 ሺህ ገደማ ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ሕመሙን የሚያክሙ ስፔሻሊስቶች የሚገናኙበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ አለ። በ1995 ኪዮቶ ላይ ተጀምሮ በ2025 አምስተርዳም ላይ ተካሂዷል። በእንዲህ ያሉ መድረኮች ዛሬ ትልቁን ቦታ የያዙት የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶችና አንድን ፕሮቲን ብቻ ለይተው የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዞልቤቱክሲማብ በመጀመሪያ የተፈቀደው በ2024 ጃፓን ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ካለፉት ዓመታት ትልልቅ እርምጃዎች አንዱ የተገኘው ከቆዩ መድኃኒቶች ነው። የጀርመን ሐኪሞች የመሩትና በ2019 የታተመ ጥናት ፍሎት የተባለውን የኬሞ ቅንጅት ፈትሿል። ፍሉሮዩራሲል፣ ሉኮቮሪን፣ ኦክሳሊፕላቲንና ዶሴታክሴል አንድ ላይ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ ይሰጣሉ። ቀድሞ በነበረው ቅንጅት 35 ወር የነበረው የሕሙማኑ መካከለኛ የሕይወት ዘመን ወደ 50 ወር ከፍ ብሏል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ካንሰሩ ገና ተቆርጦ ሊወጣ በሚችልበት ደረጃ ላይ መገኘት አለበት።

ካንሰሩን በዚያ ደረጃ ላይ የሚያገኙት አገሮች ሕመም እስኪጀምር አይጠብቁም። ደቡብ ኮሪያ ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ዜጎቿን በየሁለት ዓመቱ ትመረምራለች፤ በሽታው ከተገኘባቸው 10 ሰዎች ከ7 የሚበልጡት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ።

የበሽታው ሥር ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን ከጨጓራ ቁስለት ጋር ሲያያይዙ የሚያምናቸው ጠፋ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ፤ በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው በ1994 ነው።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ በ2019 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው ከተመረመሩት ግማሽ ያህሉ፣ 52 በመቶ ገደማ፣ ባክቴሪያው አለባቸው። አብዛኛው ሰው የሚያዘው በልጅነቱ፣ በቤተሰብ ውስጥ ሲሆን መጨናነቅና የንጹሕ ውኃ እጥረት ያባብሱታል። ከተያዙት ካንሰር የሚይዛቸው ጥቂቶች ናቸው። ተመራማሪዎች «የአፍሪካ እንቆቅልሽ» የሚሉት ነገርም አለ፤ ባክቴሪያው በየቤቱ ሳለ የካንሰሩ ቁጥር ዝቅ ያለ ይመስላል። አንዳንዶች ምክንያቱን በባክቴሪያው ዝርያና በአመጋገብ ይፈልጉታል። ሌሎች ደግሞ መልሱ ቀላል ነው ይላሉ፤ የጨጓራን ውስጥ በካሜራ የሚያሳየው ኢንዶስኮፒ በሌለበት ካንሰሩን ማን አይቶ ይቆጥረዋል?

ከደቅ ደሴት በጀልባ፣ ከዘጌ ወይም ከአዴት በመኪና የሚመጣ ታማሚ መጀመሪያ የሚያገኘው ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ የሰገራ ምርመራ ባክቴሪያውን ካሳየ ሁለት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ከአሲድ መቀነሻ ጋር ይታዘዙለታል፤ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ብዙውን ጊዜ ያጠፋዋል። ኦሜፕራዞል ብቻውን ግን ባክቴሪያውን አይገድልም። ሕመሙን አስታግሦ ካንሰሩ የሚታወቅበትን ቀን ሊያዘገይም ይችላል።

ምግብ ማለፊያ አጥቶ ታማሚው በበላ ቁጥር ማስመለስ ሲጀምር ሪፈር ይጻፍለታል። የባሕር ዳር ትልልቆቹ መድረሻዎች ፈለገ ሕይወትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ናቸው፤ ከሐይቁ በስተሰሜን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። በሽታው ሥር ከሰደደ ቀዶ ሐኪሙ የሚችለው ጨጓራውን ከትንሹ አንጀት ጋር አገናኝቶ ለምግቡ ሌላ መንገድ መክፈት ነው። ታማሚው እንደገና ይበላል፤ ካንሰሩ ግን ቦታው ላይ ነው።

ስለ ካንሰር ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው የጨረር ሕክምናን ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ይህን ሕክምና የሚሰጠው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ለጨጓራ ካንሰር ግን ዋናው ክብደት ቀዶ ጥገናና ኬሞ ላይ ነው። ስለዚህ ለጣና ዳር ሰው ትልቁ ለውጥ የሚጀምረው ከቀላሉ ነገር ነው፤ ከሚሠራ ኢንዶስኮፕ፣ ናሙናውን በጊዜ ከሚያነብ ፓቶሎጂስት፣ ቀዶ ሐኪሙና የካንሰር ሐኪሙ አንድ ታማሚ ላይ አብረው ከሚመክሩበት ጠረጴዛ። ዞልቤቱክሲማብም ቢሆን ያለ ናሙና ምርመራ አይታዘዝም።

ከዚያ በፊት ያለው መንገድ የፋርማሲ መስኮት ጋ ይጀምራል። ለሦስተኛ ጊዜ ኦሜፕራዞል ሊገዛ የመጣ የ55 ዓመት ሰው ይኖራል። «ሰሞኑን ከስተዋል? ጥቂት በልተው ቶሎ ይጠግባሉ? ሰገራዎ ጠቁሯል?» ተብሎ ቢጠየቅና ለአንዱ እንኳ «አዎ» ቢል፣ የሚያስፈልገው ሌላ ፓኬት ሳይሆን የኢንዶስኮፒ ቀጠሮ ነው።