ላርጎ ለልብስ

ከቦሌ ኤርፖርት ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ዱባይ በሚሄድ ያበሻ ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ የፍተሻ ማሽን አያስፈልግም። በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ድርቆሽና ቆሎ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተነጥሮና ተቀምሞ በፌስታል ላይ ፌስታል የተደረበበት ቅቤ አለ። እንዳይሰበር ተብሎ የሚወሸቀው ልብስ መሀል ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። በበጋ ዱባይ ላይ ሻንጣው ከአውሮፕላን ወርዶ ፀሐይ ላይ ጥቂት ከቆየ፣ የቅቤው ዕቃ ክዳንም በደንብ ካልጠበቀ፣ ለሠርግ የተያዘው የሐበሻ ቀሚስ ቅቤ ጠጥቶ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነገር ብዙ ጊዜ ከቅቤው የባሰ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ኦሞ መነስነስ፣ አልለቅ ሲል በረኪና። ሁነኛው መፍትሔ ግን ወጥ ቤት ሲንክ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ላርጎ፣ ማለትም ፈሳሹ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ይህን የሚያውቁ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ሆኖም የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ሳይለዩ ለሁሉም እድፍ የሚያፈሱት ይበዛሉ።

ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና የተሠራው ከድስትና ከሳህን ላይ ስብ ለማንሳት ነው። ዋናው ንጥረ ነገሩ ሁለት ጠባይ ያለው ሞለኪውል ነው፤ አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ውሃን ሸሽቶ ስብ ውስጥ ይሰካል። ብዙ ሆነው ስቡን ሲከብቡት ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበታተንና በውሃው ይወሰዳል። የዱቄት ሳሙናም ይህንኑ ይሠራል፤ ነገር ግን በውስጡ ሌላም ጭነት አለ፦ ውሃውን የሚያለሰልስ ቅመም፣ በብዙዎቹም ደምና ወተትን የመሰለ እድፍ የሚበጣጥስ ኢንዛይም፣ ነጭን ይበልጥ ነጭ አስመስሎ የሚያሳይ ማድመቂያ። ላርጎ እነዚህ ስለሌሉት በጭቃና በላብ ላይ ከዱቄቱ አይሻልም። የሚያስመካው ስብ ላይ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው የፋብሪካ የዕቃ ሳሙና እጅ እንዳያቆስል ተብሎ ለዘብ ተደርጎ ስለሚዘጋጅ፣ እንደ ዱቄት ሳሙና ለሐርና ለሱፍ አይከብድም።

አጠቃቀሙ ላይ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ላርጎ የሚቀባው ልብሱ ገና ደረቅ እንዳለ ነው፤ ውሃ ከቀደመው ሳሙናው ስቡን ሳይነካ ይቀጥናል። ከእድፉ ሥር ንጹሕ ጨርቅ ይነጠፍና አንድ ሁለት ጠብታ ጠብ ተደርጎ በጣት ጫፍ ከዳር ወደ መሀል ይዳበሳል። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ይለቀለቃል። ለቅቤ የውሃው ለብ ማለት ግድ ነው፤ በአዲስ አበባ የማለዳ ውሃ ቅቤው ይረጋና ክሩ ላይ ይበልጥ ይጣበቃል። ለምግብ ዘይት ቀዝቃዛውም ይበቃል። ሸማ ከሆነ መፈተግ የለም። በእጅ የተፈተለው ማግ ሲታሽ ይበጠራል፣ ነጠላው እዚያ ቦታ ላይ ወንፊት መስሎ ይቀራል። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ ጫፉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጎ ማየት ነው። ስቡ መልቀቁ ሳይረጋገጥ ካውያ ከነካው ግን አለቀ፤ ሙቀቱ እድፉን ያትመዋል።

ቀይ ወጥ ለላርጎ የሚመች እድፍ ነው። የበርበሬ ቅላት በስብ የሚሟሟ ቀለም ስለሆነ ዘይቱ ሲሄድ አብዛኛው አብሮት ይሄዳል። የሚቀረውን ደብዘዝ ያለ ብርቱካንማ ጥላ ፀሐይ ትጨርሰዋለች፤ ልብሱን እርጥብ እንዳለ ገመድ ላይ ማዋል ነው። አልጫ ሌላ ነው። እርዱ ደረቅ ሳሙና ወይም ኦሞ ሲነካው ቢጫነቱን ትቶ ደም ይመስላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ልብሱ የተቃጠለ መስሎት ይደነግጣል። የእርድ ቀለም አልካላይ ሲያገኘው ቀይ መሆን ጠባዩ ነው። በደንብ ከተለቀለቀ ወደ ቢጫው ይመለሳል፣ ቢጫውም ፀሐይ ላይ ይለቃል። ለዘብ ያለ ላርጎ ይህን ድንጋጤ ይቀንሳል እንጂ እርዱን ብቻውን አያነሳም።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ክትፎ ነው። ቅቤው ሙቅ ውሃ ይፈልጋል፣ ደሙ ግን በሙቅ ውሃ ይበስልና ክሩ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ አንድ ጊዜ ደንቡ ይገለበጣል፤ አስቀድሞ ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ አስለቅቆ፣ ልብሱን አድርቆ፣ ከዚያ ቅቤውን በላርጎና ለብ ባለ ውሃ መያዝ።

የሸማ እጥበት ከፋብሪካ ሳሙና በፊትም ነበር። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በሚባል፣ እንደ ላርጎው ባለ ሁለት ጠባይ በሆነ ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውሃ በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው እንዶድን ለበሽታው መከላከያነት መመርመር የጀመሩት፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተውበታል።

ወደ ቦሌ ኤርፖርት ስንመለስ፣ ሌላም የቅባት ምንጭ አለ። ጥገና ሃንጋር ውስጥና አውሮፕላን ማቆሚያው ላይ የሚሠራ ሰው ቱታው በግራሶና በሞተር ዘይት ይጠግባል። ይህንንም ላርጎ ያስለቅቃል፤ መጠኑ ከወጥ ጠብታ ከፍ ይላል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ነዳጅ የነካው ቱታ ግን ወዲያው አይታጠብም። የጄት ነዳጅ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ እሳት የሚይዝ ተን ሊያወጣ ስለሚችል፣ ቱታው መጀመሪያ ነፋሻ ቦታ ላይ ተሰቅሎ ሽታው መጥፋት አለበት። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይገባም።

አሁን ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን። ሰሚት፣ አያት ወይም ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማሽን የገዛ ቤተሰብ ፈሳሽ ሳሙና ሲያልቅበት ላርጎ ለመጨመር መፈተኑ አይቀርም። አይጨምሩ። የዕቃ ሳሙና አረፋው እንዲበዛ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሳህን የሚያጥብ ሰው አረፋ ካላየ የጸዳ አይመስለውምና። የማሽን ሳሙና ግን አረፋው እንዲቀንስ ተደርጎ ነው የሚዘጋጀው። በተለይ በፊት ለፊት በሚከፈት ማሽን ውስጥ አረፋው በርሜሉን ሞልቶ ልብሱ እንዳይፋተግ ያደርጋል፣ ፓምፑን ያደናቅፋል፣ በሳሙና ማስገቢያው በኩል ወጥቶ ወለሉን ያጥለቀልቃል። ማሽኑም አረፋውን ለማጥፋት ደጋግሞ ውሃ ይስባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለሳምንት በሮቶ የተጠራቀመ ውሃ ለአንድ ሳፋ ልብስ ሲያልቅ ማየት ያናድዳል። ስህተቱ ከተፈጸመ በኋላ ማሽኑን አቁሞ ጥቂት አቼቶ በማስገቢያው መጨመርና ማለቅለቂያውን ብቻ ማስነሳት አረፋውን ይሰብረዋል። በእጅ ለሚያጥብ ሰው ችግሩ ይቀላል፤ ቢሆንም አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ ለአንድ ሳፋ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የማለቅለቂያ ውሃ ብክነት ነው።

በየሱቁ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ የሚሸጠው ስም የለሽ ላርጎም አለ። ሰልፎኒክ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ በግምት ተቀላቅለው የሚሠሩት ላይ ሚዛኑ ከተዛባ ፈሳሹ ወይ አሲድ ወይ አልካላይ ያመዝንበታል፤ ቀለሙም ነጭ ልብስ ላይ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለውን ለድስት ይጠቀሙበት። ለሸማና ለሐር ምልክት ያለበትን፣ ቀለሙም የማይበዛውን ይምረጡ።

በመጨረሻ፦ እድፉ በላርጎ አልለቅ ካለ፣ በንዴት በረኪናን ከአቼቶ ጋር አይደባልቁ። ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል።