ለሰቆጣ ደጋ የሚስማማው ቤንዚን

አውቶሞቢል ለነጋዴ እንደ ሚዛንና እንደ ሒሳብ መዝገብ ያለ የሥራ መሣሪያ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎአል። ይሁን እንጂ ነጋዴው ለሚዛኑ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ያህል መኪናው ለሚጠጣው ቤንዚን ሲጠነቀቅ እምብዛም አይታይም። ከማደያው ደርሶ «ሙላው» ይላል፤ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ለሚነግድ ሰው ግን ጉዳዩ ከዚህ የበለጠ ሐሳብ የሚጠይቅ ነው፤ አገሩ ደጋውና ቆላው እጅግ የተቀራረበ፣ ከወደብ ግን እጅግ የራቀ ነውና። ከዚህም በላይ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ስለ ተገለጸ፣ ዛሬ በእጅ ያለው ሞተር ቢቃጠል ምትኩ እንደ ዱሮው በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «የትኛው ደረጃ ቤንዚን ይሻላል?» የሚለው ነው። በውጭ አገር ማደያዎች ላይ 91፣ 95፣ 98 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈው ይታያሉ። ቁጥሩ ኦክቴን ይባላል። አያሌ ሰዎች ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቤንዚኑ ብርቱ፣ ንጹሕና ኃይል የሚጨምር ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ኦክቴን የሚለካው የቤንዚኑን ትዕግሥት ነው፤ ይኸውም ቤንዚኑ በሞተሩ ውስጥ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በፒስቶኑ ሲጨመቅ፣ ካንዴላው ያስነሣው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ጊዜ እንዳይፈነዳ ያለው ችሎታ ነው። ትዕግሥቱ ያነሰ ቤንዚን ጥብቅ መጭመቅ ባለው ሞተር ውስጥ ቢገባ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ያንኳኳል። ድምፁ ጠጠር ተጨምሮበት እንደሚወዘወዝ ቆርቆሮ ነው፤ በተለይም ዳገት ላይ፣ በከባድ ማርሽና በሙሉ ጭነት ጎልቶ ይሰማል። ጥቂት ቢያንኳኳ ጉዳት የለውም፤ ለብዙ ጊዜ ሲያንኳኳ የኖረ ሞተር ግን ፒስቶኑ ይበሳል፤ የራሱ ጋዝኬትም ይቃጠላል። በአንጻሩ ለ91 ለተሠራ ሞተር 98 ቢሰጡት የተለየ ኃይል አያገኝም፤ የወጣው ትርፍ ገንዘብ ብቻ ይቀራል።

የመለኪያው ሥርዓት የወጣው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ኢሶኦክቴን የተባለው ፈሳሽ 100፣ ሄፕቴን የተባለው ዜሮ ተብሎ ተመደበ፤ 95 የተባለ ቤንዚንም ከመቶ 95 እጅ ኢሶኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን ያለበትን ቅልቅል ያህል ይታገሣል ማለት ሆነ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ጥቂት የእርሳስ ውሕድ በቤንዚን ቢጨመር ማንኳኳቱ እንደሚቀር ደረሰበት። እርሳሱ ሞተሩን ጠቀመ፤ የሕዝቡን ጤና ግን ጎዳ። ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005 ማብቂያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ተዉ፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያም በ2021 አቆመች። ስለዚህ «የጥንቱ ቤንዚን ይሻል ነበር» የሚለው የአንዳንድ አሮጌ ሹፌሮች ናፍቆት ሊመለስ የማይገባውን ነገር መናፈቅ ነው።

አሁን ወደ ደጋው እንመለስ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ጠረፍ ካለው ከአራት እጅ ሦስት እጁን ያህል ነው። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ቱርቦ የሌለው መኪና በባሕር ጠረፍ ከነበረው ኃይል ከመቶ 20 የሚበልጠውን ያጣል። ከቆላ የወጣ ሹፌር መኪናው ሲደክምበት «ቤንዚኑ ውኃ ነው» ብሎ ማደያውን ያማርራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቤንዚኑ ሳይሆን የአየሩ ነው። ይህ ድካም ካሳ አለው፤ የተሳበው አየር ቀጭን ከሆነ በመጭመቂያው ውስጥ የሚደርሰው ግፊትም ያንሳል፤ ግፊቱ ካነሰ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው የመፈንዳቱ ሥጋት ይቀንሳል። በአሜሪካ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በዴንቨር ከተማ፣ በሌላው አገር 87 ተብሎ በሚሸጠው ተራ ቤንዚን ፈንታ ለብዙ ዘመን 85 ሲሸጥ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰቆጣ ከዴንቨር በ600 ሜትር ያህል ትበልጣለች።

እንግዲህ ነጋዴው «እንዲህ ከሆነ በደጋ ማናቸውም ቤንዚን ይበቃል» ብሎ ቢደመድም ግማሽ ብቻ ልክ ይሆናል። የዴንቨሩ ልማድ የመጣው በካርቡራተር ዘመን ነው። ቱርቦ ያለው መኪና የጎደለውን አየር ራሱ አምቆ ስለሚያስገባ ለእርሱ ደጋውም እንደ ቆላ ነው፤ የፋብሪካው መጽሐፍ ያዘዘውን ደረጃ በሰቆጣም ይፈልጋል። ዋናው ነገር ግን መኪናው በሰቆጣ ታስሮ የሚውል አለመሆኑ ነው። ከከተማው ወደ አበርገሌና ወደ ዝቋላ ቆላ ሲወረድ፣ ከተከዜ ግድብ በስተኋላ እስከ ተኛው ሐይቅ ዳር ቢደረስ ከፍታው ወደ 1,140 ሜትር ይወርዳል። አየሩ ይከብዳል፤ ሙቀቱም ይበረታል። በማለዳ በደጋው ፀጥ ብሎ ይሄድ የነበረ ሞተር፣ ከሰዓት በኋላ ፍየል ወይም ዓሣ ጭኖ ከዚያ ሸለቆ ሽቅብ ሲወጣ ማንኳኳት ቢጀምር ቤንዚኑ አልተለወጠም፤ አገሩ ተለወጠ እንጂ። ከኮረም በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ወደ አላማጣና ወደ ቆቦ ሜዳ ለሚወርደውም ነገሩ ያው ነው።

በዚህ ረገድ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች አንድ የመካኒክ ዘዴ ሊያስተውሉ ይገባል። ደጋ ላይ የደከመውን ሞተር ለማበርታት ታይሚንጉን ወደፊት የሚገፉ መካኒኮች አሉ። በደጋ ይሠራል። መኪናው በዚያው ታይሚንግ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ሚሌ በረሃ ቢወርድ ግን በጥሩ ቤንዚንም ያንኳኳል። ከመውረድ በፊት ወደ ቦታው ማስመለስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ባለ ኮምፒዩተሮቹ አዳዲስ መኪኖች ማንኳኳቱን ሰምተው በራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ይህን አይጠይቁም፤ ኃይላቸው ብቻ ለጊዜው ይቀንሳል። በሁሉም ዘንድ የሚበጀው ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሶ ቤንዚኑን ሳይረግጡ መውጣት ነው።

በአገራችን በአብዛኛው ማደያ ገዢው የሚመርጠው በቤንዚንና በናፍጣ መካከል ነው እንጂ በ91ና በ95 መካከል አይደለም። ስለዚህ ምርጫው የሚደረገው መኪናው ሲገዛ ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የነዳጁን ክዳንና የፋብሪካውን መጽሐፍ ሳያይ ዋጋ ባይቆርጥ መልካም ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው አንዱ ቁጥር በየአገሩ ትርጉሙ የተለያየ መሆኑ ነው። ኦክቴን የሚለካው በሁለት ዘዴ ነው፤ አውሮፓ፣ ጃፓንና ዱባይ ከፍ ያለውን ቁጥር የሚሰጠውን ዘዴ ብቻ ሲጽፉ፣ አሜሪካ የሁለቱን አማካይ ትጽፋለች። ስለዚህ የአሜሪካው 87 ከዱባዩ 91 ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ክዳኑ ላይ 91 የተጻፈበት የአሜሪካ መኪና ግን በዱባይ ቁጥር 95 ወይም 96 የሚፈልግ ስለሆነ ለሰቆጣ ነጋዴ አይመከርም። በጃፓን ተራው ቤንዚን ከ89 የማያንስ፣ ከፍተኛው ከ96 የማያንስ እንዲሆን ተደንግጎአል። ለጃፓን ገበያ ታስበው የተሠሩት እንደ ቪትስ ያሉት ትንንሽ መኪኖች አብዛኞቹ በተራው እንዲሄዱ የተሠሩ ናቸው፤ በአገራችን መንገድ ላይ ጸንተው መቆየታቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

እስከዚህ የተነገረው ቤንዚኑ ከማደያው እንደ ወጣ ንጹሕ ሲሆን ነው። የዋግን ሞተር የሚገድለው ግን ከቁጥሩ ይልቅ ቤንዚኑ በመንገድ የሚደርስበት ነገር ነው። በቀድሞው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997፣ የአሰብ ማጣሪያ አገሩን ያገለግል ነበር፤ ዛሬ ቤንዚኑ ተጣርቶ ከባሕር ማዶ በጅቡቲ ይገባል። ቦቴው በጋላፊ፣ በሚሌና በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አንደኛው መንገድ በላሊበላ፣ ሌላው በኮረም ወደ ሰቆጣ ይወጣል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት እንደታየው መንገድ ሲቆረጥ ቦቴው ይቀርና ጀሪካን ይተካል። ጀሪካኑ ከየት እንደተቀዳ፣ ስንት እጅ እንደተለዋወጠ፣ ምንስ እንደተጨመረበት የሚያውቅ የለም። ነዳጅን ያለ ፈቃድ ከማደያ ውጪ መነገድ በሕግ የሚያስቀጣ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

በቤንዚን ላይ ከሚጨመሩት ባዕድ ነገሮች ዋናው ላምባ፣ ማለት ኬሮሲን ነው። የኬሮሲን ኦክቴን እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቂቱ የብዙውን ቤንዚን ትዕግሥት ያፈርሳል፤ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል፤ ወደ ዘይቱም ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ቀድሞ ኬሮሲን በጣም ርካሽ በነበረ ጊዜ መቀላቀሉ ጥሩ ትርፍ ነበረው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በወጣው የአዲስ አበባ ዋጋ ቤንዚን በሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም፣ ኬሮሲን ደግሞ ከነጭ ናፍጣ ጋር እኩል 90 ብር ከ28 ሳንቲም ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ በይፋው ዋጋ ልዩነቱ አንድ ብር እንኳ አይሞላም ነበርና የቀላቃዩ ትርፍ ከስሞ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ቤንዚን በጠፋበትና በጥቁር ገበያ እጥፍ በሚያወጣበት ቀን ሂሳቡ እንደገና ይለወጣል።

ነጋዴው ይህን የሚመረምርበት ላቦራቶር ባይኖረው ነጭ ወረቀትና ሚዛን አለው። እሳትና ሲጋራ በሌለበት ስፍራ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ ቤንዚን ያንጠባጥብ። ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ኬሮሲን ወይም ናፍጣ የገባበት ግን ቅባታም ነጥብ ያስቀራል። በሚዛን ደግሞ 20 ሊትር ቤንዚን የጀሪካኑ ክብደት ተቀንሶ 15 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ 20 ሊትር ናፍጣ ወደ 17 ኪሎ ይጠጋል። ሚዛኑ ናፍጣን ከቤንዚን ይለያል እንጂ ጥቂት ኬሮሲን የተቀላቀለበትን አያጋልጥም፤ ልዩነቱ ከሱቅ ሚዛን ዓይን ያነሰ ነውና። ለዚህ ወረቀቱ ይሻላል። ውኃን ለማወቅ በጠራ ጠርሙስ ቀድቶ ለጥቂት ጊዜ ማቆም ይበቃል፤ ውኃ ስለሚከብድ ከታች ተለይቶ ይታያል።

በሱቅ ጀኔሬተር ያላቸው ሰዎች በሕግ የተፈቀደላቸውን ቤንዚን ሲያኖሩ የምግብ ዘይት የነበረበትን ቢጫ ጀሪካን አይጠቀሙ፤ ያብጣል፤ ያፈሳልም። በርሜልም እስከ አፉ አይሞላ። 200 ሊትር ቤንዚን በሌሊቱ ብርድ በ15 ዲግሪ ተሞልቶ በቀን ፀሐይ 35 ዲግሪ ቢደርስ 4 ሊትር ያህል ይጨምራልና የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል። ከጥቂት ወራት በላይ የቆየ ቤንዚን ቀላሉ ክፍሉ ስለሚተን በደጋው የማለዳ ብርድ ሞተር ማስነሣት ያስቸግራል፤ እንደዚህ ያለውን ከአዲስ ቤንዚን ጋር እያቀላቀሉ መጨረስ ይቻላል።

በመጨረሻም ጭነት የሚያመላልሱት አይሱዙዎች በናፍጣ፣ ባጃጁና ትንሹ አውቶሞቢል በቤንዚን ስለሚሄዱ በአንድ ግቢ ሁለቱም ጀሪካኖች ሲኖሩ መሳሳት ቀላል ነው። ቤንዚን በናፍጣ ሞተር ከገባ የናፍጣው ፓምፕ በነዳጁ ቅባትነት ስለሚለሰልስ ቶሎ ይፋቃል፤ ጥገናውም ውድ ነው። ስሕተቱ ሞተሩ ሳይነሣ ከታወቀ ቁልፉን ሳይነኩ መኪናውን ገፍቶ ከጥግ ማቆምና ያለውን ሁሉ አስወጥቶ ማጠብ ይበቃል። ጀሪካኖቹን በቀለም ለይቶ «ናፍጣ» እና «ቤንዚን» ብሎ በጎናቸው መጻፍ ደግሞ ይህንንም ድካም ያስቀራል።