የሎሚያችንን ቅርፊት ማን ላጠው?

ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ባለው ቤታችን ጓሮ አንድ የሎሚ ዛፍ አለ። እናቴ ከአዲስ አበባ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት የተከለችው ነው። ባለፈው እሑድ ጠዋት «ልጄ፣ ቶሎ ና! ፖሰም ሎሚዬን ጨረሰብኝ!» ብላ ጠራችኝ። ግንዱ ከታች ተልጦ ነጩ እንጨት ይታያል።

ቅርፊት የዛፍ ቆዳ ነው። ቅጠሎች የሚያዘጋጁት ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል በኩል ነው። ግንዱ ዙሪያውን ሙሉ ከተላጠ ሥሩ ይራባል፤ ዛፉም ቀስ በቀስ ይሞታል። የእኛ ሎሚ ሩብ ያህሉ ተልጧል።

እናቴ «ወጥመድ ግዛልኝ» አለችኝ። ነገር ግን ፖሰም በቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የዱር እንስሳት ሕግ የተጠበቀ ነው፤ እንደፈለጉ ማጥመድም ሆነ መግደል አይቻልም። እኔም የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። በሥራዬ ማስረጃ ሳላይ ምንም አልነካም። ስለዚህ ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ መረመርን።

ፖሰም ቢሆን ግንዱ ላይ የጥፍር ጭረት፣ መሬቱ ላይ በጠጥ በታየ ነበር። አይጥ ትንንሽ ጥንድ የጥርስ ምልክት ይተዋል፤ ብዙ ጊዜም የላይ ቅርንጫፎችን ይልጣል። ግንድ የሚቦረቡር የእሳት እራት ትል ደግሞ ቅርንጫፍ ከግንድ በሚገናኝበት ቦታ በድር የተያያዘ ሰጋቱራ ይተዋል። ሎሚ የምታጠቃው ትንሽ ተርብ ቅርፊት አትልጥም፤ ቀንበጡን ታሳብጣለች።

ከእነዚህ አንዱንም አላገኘንም። ቁስሉ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ነው፤ አግድም የተቆረጠ ይመስላል። ያኔ ትዝ አለኝ፦ ከአንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ በሚሽከረከር የናይለን ክር የሚሠራውን ማሽን ይዤ ሣሩን እስከ ግንዱ ድረስ አጭጄ ነበር። ጥፋተኛው እኔ ነኝ!

እናቴ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብላ ሳቀችብኝ።

ቁስሉን ቀለም አልቀባነውም፤ ዛፉ ራሱ ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይሸፍነዋል። በግንዱ ዙሪያ ያለውን ሣር በእጃችን ነቅለን መሬቱን ገለባ አለበስነው፤ ገለባው ግን ግንዱን እንዳይነካ አራቅነው።

እናንተም የተላጠ ዛፍ ስታዩ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ተጠግታችሁ እዩ። ቁስሉ ላይ ነው ወይስ ታች? የጥርስ ነው ወይስ የማሽን? አንዳንድ ባሕር ዛፎች ቅርፊታቸውን ቢጥሉ ግን አትደንግጡ፤ ተፈጥሯቸው ነው።

እናቴ አሁን ፖሰሙን ትታዋለች። ማሽኑን ባነሳሁ ቁጥር የምትጠብቀው እኔን ነው።