ለከርዳዳ ፀጉር የትኛው ምርት ይስማማል? ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ፀጉራቸውን በኬሚካል ማለስለስ አቁመው ወደ ተፈጥሯዊው ከርዳዳ ፀጉራቸው የሚመለሱ ሴቶች ቁጥር በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች እየጨመረ ነው። ብዙዎቹን ቀድሞ የሚያደናግራቸው የመደብር መደርደሪያ ነው። ከናይሮቢ እስከ አዲስ አበባ ባሉ የመዋቢያ መደብሮች "ለጥቅልል ፀጉር" የሚል ጽሑፍ የሰፈረባቸው ክሬሞች፣ ጄሎች፣ ቅባቶችና ኮንዲሽነሮች ተደርድረው ይታያሉ። ብዙዎቹ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው የሚቀመስ አይደለም።

አንዱ አልሆን ሲል ሌላው ይገዛል። ፀጉሩ ግን አሁንም ይደርቃል፤ ሚዶ በገባበት ቁጥር ይሰባበራል። በዚህ ተስፋ ቆርጠው ወደ ማለስለሻው የሚመለሱም አሉ። የብዙዎቹ ችግር ግን አሞካከራቸው ላይ ነው፤ ፀጉራቸው ምን እንደጎደለው ሳያውቁ መፍትሔ ይገዛሉ።

ወደ ማለስለሻ መመለስ ለምን ያሳስባል?

ሪላክሰር በመባል የሚታወቁት ማለስለሻዎች የፀጉርን ጥምዝ ቅርጽ የያዘውን የድኝ ትስስር በመበጠስ ነው የሚሠሩት። ከእነዚህ መካከል ጠንካራዎቹ ሳሙና ለመሥራት የሚያገለግለውን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድን ወይም ኮስቲክ ሶዳን የያዙ ናቸው። የራስን ቆዳ ሊያቃጥሉና ሊያቆስሉ ይችላሉ፤ የተበጠሰው ትስስርም ወደ ነበረበት አይመለስም።

ስጋቱ ከቃጠሎም ያልፋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመታት ገደማ ተከታትለው ውጤቱን በ2022 ይፋ አድርገዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። በጥናቱ መሠረት ማለስለሻ ተጠቅመው ከማያውቁ ሴቶች መካከል እስከ 70 ዓመታቸው ድረስ በማህፀን ካንሰር ሊያዙ የሚችሉት 1.64 በመቶ ሲሆኑ፣ አዘውትረው በሚጠቀሙት ዘንድ ግን አሃዙ 4.05 በመቶ ደርሷል። ጥናቱ በሁለቱ መካከል ግንኙነት መኖሩን አሳየ እንጂ ማለስለሻው በቀጥታ የካንሰሩ መንስኤ መሆኑን አላረጋገጠም። የትኛው ንጥረ ነገር ተጠያቂ እንደሆነም ለይቶ አላስቀመጠም።

"ፎርማልዲሃይድ የለውም" የሚል ጽሑፍም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ2024 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ዘገባ፣ በቱኒዝያ የምትኖር አንዲት የ26 ዓመት ወጣት በውበት ሳሎን ፀጉሯን ካስለሰለሰች በኋላ በተለያዩ ጊዜያት ሦስት ጊዜ የኩላሊት ጉዳት እንደደረሰባት አስነብቧል። የተጠቀመችበት ክሬም በፎርማልዲሃይድ ምትክ የሚገባውን ግላዮክሲሊክ አሲድ የያዘ ነበር።

ከርዳዳ ፀጉር ለምን ቶሎ ይደርቃል?

የራስ ቆዳ ፀጉርን የሚያለሰልስ የተፈጥሮ ወዝ ያመነጫል። በሉጫ ፀጉር ላይ ይህ ወዝ ያለችግር ወደ ጫፍ ይወርዳል። በከርዳዳ ፀጉር ላይ ግን እያንዳንዱ ጥምዝ መንገዱን ስለሚያረዝመው ወዙ ሥሩ አካባቢ ይቀራል፤ ጫፉም ደርቆ ይከርማል። በተጨማሪም ፀጉሩ የሚታጠፍባቸው ቦታዎች ደካማ በመሆናቸው በደረቁ ሲበጠር የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው።

ብዙ ምርቶች ፀጉርን ከ1 እስከ 4 ባሉ ቁጥሮች ይከፋፍላሉ። ይህ አከፋፈል በ1990ዎቹ በአሜሪካዊው የፀጉር ባለሙያ አንድሬ ዎከር አማካይነት የታወቀ ሲሆን፣ 1 ሉጫን፣ 4 ደግሞ ከርዳዳን ያመለክታል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስለ ቅርጽ ብቻ ነው። ምርት ለመምረጥ ይበልጥ የሚጠቅመው ፀጉሩ ውኃን እንዴት እንደሚቀበልና እንደሚይዝ ማወቅ ነው።

ይህን ለመለየት ፀጉርን ታጥቦ መመልከት ይበቃል። ውኃ ላዩ ላይ እየተንከባለለ ለመራስ ጊዜ የሚወስድ፣ ከራሰም በኋላ ቶሎ የማይደርቅ ፀጉር ቅርፊቱ የተዘጋ ነው፤ ቀለል ያሉና ውኃ የሚበዛባቸው ምርቶች ይስማሙታል። ወዲያው የሚርስና ወዲያው የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ቅርፊቱ ክፍት ነው። ቀለም፣ ካውያና ማለስለሻ የነካው ፀጉር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ ወፍራም ክሬምና ቅባትም ይፈልጋል። አንዲት የፀጉር ዘለላ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥሎ መንሳፈፏን ወይም መስጠሟን የማየት ዘዴ ቢለመድም፣ በፀጉሩ ላይ ያለ ጥቂት ቅባት ውጤቱን ስለሚያዛባው አስተማማኝ አይደለም።

የምርቶቹ ሥራ ምንድን ነው?

በመደርደሪያው ላይ ያለው ምርት ምንም ያህል ቢበዛ በአብዛኛው ከሦስት ሥራዎች አንዱን ነው የሚሠራው፦ እርጥበት ይሰጣል፣ እርጥበቱን ያቆያል ወይም የፀጉሩን ቅርጽ ይይዛል።

እርጥበት የሚሰጡት ውኃን መሠረት ያደረጉና ሳይታጠቡ ፀጉር ላይ የሚቀሩ ኮንዲሽነሮች ናቸው። በማሸጊያው ላይ ካሉት ንጥረ ነገሮች ከፍተኛ መጠን ያለው ቀድሞ ስለሚጻፍ፣ በዝርዝሩ ራስ ላይ "ውኃ" መስፈሩን ማየት ይገባል። ሁለተኛውን ሥራ የሚሠሩት ቅባቶች ናቸው። የሺያ ቅቤ፣ የጉሎ ዘይትና ቫዝሊን እርጥበቱ እንዳይተን ይሸፍናሉ እንጂ ውኃ አይጨምሩም። በደረቅ ፀጉር ላይ ቅባት ብቻ መደራረብ ፀጉሩን ቢያብለጨልጨውም ድርቀቱን ውስጡ ይዘጋበታል። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው ጄል ሲሆን፣ ጥቅልሉ ሳይበተን እንዲደርቅ ያደርጋል።

የአየር ጠባይም ምርጫውን ይለውጣል። በብዙ ምርቶች ውስጥ የሚገኘው ግሊሰሪን እርጥበት ወደ ራሱ ይስባል። በሞምባሳና በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ወበቅ ውስጥ ፀጉሩን አሳብጦ ሊያንጨባርረው ይችላል። በደጋው የበጋ ደረቅ አየር ደግሞ የሚስበው እርጥበት ከአየሩ ስለማያገኝ፣ በላዩ ቅባት ካልተደረገበት ብዙም አይጠቅምም። በአንድ ከተማ የተመሰገነ ምርት በሌላው የሚከዳው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በጓዳ ያለውስ?

የአካባቢው ሕዝቦች ለዚህ ፀጉር የራሳቸው መላ ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። በኢትዮጵያ ለጋ ቅቤ ራስ ላይ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ሶማሊያውያን ከቁርቁራ ወገን ከሆነ ዛፍ ቅጠል የሚዘጋጀውንና ቃሲል የተባለውን ዱቄት ለፀጉርና ለፊት መታጠቢያነት ይጠቀሙበታል። በሰሜን ኡጋንዳ፣ በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ የሚበቅለው የሺያ ዛፍም ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ ለስላሳ የሆነ ቅቤ ይሰጣል።

በውድ ዋጋ ከሚሸጡ ጄሎች ጋር የሚወዳደረው ደግሞ ተልባ ነው። ተልባ በውኃ ሲፈላ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ትኩስ እንዳለ ተጠልሎ ሲቀዘቅዝ ጥቅልልን የሚይዝ ጄል ይሆናል። በዓለም ዙሪያ ተፈጥሯዊ ፀጉር ያላቸው ሴቶች የሚያዘጋጁት ይህ ጄል ከባልትና መደብር በተገዛ አንድ እፍኝ ተልባ ሊሠራ ይችላል።

ይህ ማለት ግን ከጓዳ የወጣ ሁሉ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። መከላከያ ያልገባበት የተልባ ጄል ቶሎ ስለሚበላሽ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ማለቅ ይኖርበታል። ቅቤም እንደ ሌሎቹ ቅባቶች ሽፋን ነው፤ እርጥብ ፀጉር ላይ ካልተደረገና በደንብ ካልታጠበ ይጠራቀማል፣ ይሸታልም። የጉሎ ዘይት ፀጉር ያሳድጋል የሚለው በሰፊው የሚነገር እምነትም እስካሁን ጠንካራ ሳይንሳዊ ማስረጃ አልቀረበለትም።

እንዴት ይሞከር?

የመጀመሪያው ደንብ በአንድ ጊዜ አንድ ምርት ብቻ መቀየር ነው። ሻምፑ፣ ክሬምና ጄል በአንድ ቀን ከተለወጡ የተስማማውንም ሆነ የጎዳውን መለየት አይቻልም። ራስን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ወገን አዲሱን፣ በሌላው የተለመደውን ማድረግ ልዩነቱን ፊት ለፊት ያሳያል።

አዲስ ምርት ሙሉ ራስ ላይ ከማድረግ በፊት ከጆሮ ጀርባ ወይም ከክንድ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀብቶ እስከ 48 ሰዓት መጠበቅ ተገቢ ነው። ሽፍታ፣ ማሳከክ ወይም ማቃጠል ከታየ ምርቱ አይስማማም ማለት ነው። ቆዳውን ካላስቆጣ ግን በአንድ ቀን ውጤት ሳይቸኩሉ፣ ሦስት አራት ጊዜ እየታጠቡ ሞክሮ መፍረድ ይሻላል። አቀባቡም ለውጥ ያመጣል፤ ክሬምና ጄል ፀጉሩ ገና ውኃ እያንጠባጠበ ሳለ በትናንሽ ክፍል ተከፍሎ ሲቀባ፣ ከደረቀ በኋላ ከሚደረገው እጅግ ያነሰ መጠን ይበቃል።

በማናቸውም ምርት የማይፈታ ችግርም አለ። በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉሩ እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ ምክንያቱ አጥብቆ የተሠራ ሹሩባ ወይም ከባድ ዊግ ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ መመለጥ በጊዜ ከተደረሰበት ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ሊጠፋ ይችላል። በዚህን ጊዜ አዲስ ጄል ከመግዛት ይልቅ ሹሩባውን ማላላትና የቆዳ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ለጀማሪ የሚበቃው ዕቃ በመጨረሻ ከአንድ ዘንቢል የሚሞላ አይደለም፤ ራስን የማያደርቅ ሻምፑ፣ ኮንዲሽነር፣ አንድ ቅባት፣ አንድ ጄል፣ ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ። ከእነዚህም ቅባቱና ጄሉ ከውጭ የመጡ መሆን የለባቸውም።