የኮሪያው ሙት የማን ነው?

አገራችን ሙት ወቃሽን አትወድም። እኛም በኮሪያ ተራራ ላይ የወደቀውን ወጣት ወታደር ለመውቀስ ብዕር አላነሣንም። ብዕር ያነሣነው ይህ ሙት የማን ነው ብለን ለመጠየቅ ነው። የላከው ዙፋን ነው ወይስ የወለደው ሕዝብ?

በመካከላችን ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ ወገን ወታደሩን የንጉሠ ነገሥቱ ጀግና ብሎ በሜዳልያ ይሸፍነዋል። ሌላው ወገን የኢምፔሪያሊዝም ቅጥረኛ ብሎ ስሙን ይዘልለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን። የመጀመሪያው የላኪውን ክብር በሟቹ ደም ያደምቃል፤ ሁለተኛው የላኪውን ዕዳ በሟቹ ላይ ይጭናል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው (ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። ጦርነቱ በሰኔ 1942 ተነሣ። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ፑሳን ተጓዘ። ስሙም የተወሰደው ከንጉሠ ነገሥቱ አባት ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ነበር። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተኩስ አቁም እስኪደረግ ድረስ ሦስት ሻለቆች በየተራ፣ በጠቅላላው ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፉ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ አልነበረም።

አሜሪካዊው የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ እነዚህ ወታደሮች ሲጽፍ፣ ቁስለኛቸውንም ሆነ ሬሳቸውን በጦር ሜዳ ጥለው እንደማይመለሱ መስክሯል። ይህን ነጥብ በጥሞና እናስብበት። በሌሊት፣ በጥይት መካከል፣ ያንን ሬሳ በጫንቃው ተሸክሞ ቁልቁለቱን የወረደው ማን ነው? ሚኒስትር አይደለም፤ መስፍንም አይደለም። እንደ ሟቹ ያለ ተራ ወታደር ነው። እነዚሁ ወታደሮች ወላጅ ላጡ የኮሪያ ልጆች ማሳደጊያ አቋቁመዋል። የድሀ ልጅ የድሀን ልጅ በባዕድ አገርም ለይቶ ያውቃል።

ታዲያ ለምን ተላኩ? መንግሥት የሰጠው ምክንያት ባዶ አልነበረም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ቆመው ያሰሙት አቤቱታ ሰሚ አጥቶ ቀርቷል። ትንሽ አገር በትልቅ ስትወረር ዓለም ሁሉ ይነሣ የሚለው አቋም፣ በመርዝ ጋዝ ለተቃጠለ ሕዝብ ባዕድ አልነበረም። ብዙው ወታደርም ይህንን አምኖ እንደሄደ አንጠራጠርም።

የገዢው መደብ ስሌት ግን ከዚህ ይሰፋ ነበር። ግንቦት 14 ቀን 1945፣ ተኩሱ ሊቆም ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ መንግሥት ከአሜሪካ ጋር ሁለት ውል ተፈራረመ። በአንደኛው አሜሪካ በአስመራ ያለውን የመገናኛ ጣቢያ ለ25 ዓመት የመጠቀም መብት አገኘች፤ በሁለተኛው ዙፋኑ የጦር መሣሪያና የሥልጠና ርዳታ አገኘ። ጣቢያውም «ቃኘው» ተባለ። በኮሪያ የወደቁት ወጣቶች የሻለቃ ስም የባዕድ ጦር ሰፈር መጠሪያ ሆነ።

የሟቹ ወላጆችስ ምን አገኙ? ተራው ወታደር በአብዛኛው የገበሬ ልጅ ነበር። ልጁ ለሌላ ሕዝብ ነፃነት ሲሞት፣ በደቡብ ያለው ጭሰኛ የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጩኸት በአዲስ አበባ አደባባይ በተማሪው የተሰማው በየካቲት 1957 ነው፤ ርስት የሚሻር አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ነው። ተኩሱ በኮሪያ ካቆመ 22 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

ከኮሪያ በሕይወት የተመለሱትንም እንመልከት። በታኅሣሥ 1953 በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሚመራው ክብር ዘበኛ ሲነሣ፣ በኮሪያ የተዋጉ ብዙዎች በሰልፉ ውስጥ ነበሩ። የነገሩ ጠንሳሽ ገርማሜ ንዋይ እንደ እኛው ባሕር ማዶ የተማረ፣ በወላይታ አገረ ገዢነቱ መሬት ለሌላቸው መሬት ያከፋፈለ ሰው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ነገር ግን ተራው ወታደር ለምን እንደሚዋጋ በቅጡ አልተነገረውም። በኮሪያ ተራራ ያልሞተው በአዲስ አበባ ጎዳና፣ በወገኑ ጥይት ወደቀ። ከላይ የተሠራ ለውጥ ወታደሩን እንደ ዕቃ ሲቆጥረው ምን እንደሚከተል ትምህርቱ እዚህ ነው። ጥር 1966 በነገሌ ቦረና ወታደሩ ስለ ምግብና ስለ ውሃ ሲያምፅ ግን፣ ስለ ራሱ ኑሮ በራሱ አፍ ተናገረ። ያንን ድምፅ ደርግ ነጠቀው።

ደርግ ከፒዮንግያንግ ጋር ሲወዳጅ የኮሪያው ሙት ስም ለመንግሥት የማይመች ሆነ። ዙፋኑ ጌጥ አድርጎት ነበር፤ ደርግ ደበቀው። ሁለቱም እንደ ሰው አላዩትም።

ወገኖች፣ ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። የኮሪያዎቹ ሙታን ቢያንስ ተቆጥረዋል፤ አፅማቸውም አገሩ ገብቷል። ከእነርሱ በኋላ የሞቱትስ? ከኤርትራ ሠላሳ ዓመት ጦርነት፣ በናቅፋና በአፋቤት ከወደቁት የብሔራዊ ውትድርና ልጆች፣ ስንቱ ቤት መርዶ ደረሰው? ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የሞተው ሰው ቁጥር ዛሬም ያከራክራል። ከ1013 ሳይሆን ከትናንት ወዲያ፣ ከ2013 እስከ 2015 በሰሜን በተደረገው ጦርነት፣ በየትኛውም ወገን ስንት ወታደር እንደወደቀ የተሟላ ቁጥር ለሕዝብ አልቀረበም። በአገራችን ሬሳ ሲጠፋ የሟቹ ልብስ ተዘርግቶ ይለቀሳል። መሞቱ ካልተነገረ ግን እናት ልብሱን ትዘርጋ ወይስ ልጇን ትጠብቅ?

መንግሥት ሲጠራ ስም የሚመዘግብ፣ ሲሞት ግን መዝገብ የሚያጣ ከሆነ፣ ወታደሩ ዜጋ ሳይሆን ጥይት ነው ማለት ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። በየትኛውም ሰንደቅ ሥር የወደቀ ወታደር ይቆጠር። ስሙ ለሕዝብ ይነገር። ቤተ ሰቡ መርዶ ይድረሰው። የላከውም አካል ለምን እንደላከ በአደባባይ ይጠየቅ። ሟቹን ማክበርና ላኪውን መጠየቅ አይጣሉም፤ ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ባዶ ፉከራ ነው።

ለጥያቄያችን መልሱን የሰጡት እነዚያው የቃኘው ወታደሮች ናቸው። የኮሪያው ሙት በጫንቃቸው የተሸከሙት ጓዶቹና የወለደው ሕዝብ ነው።

የወደቁት ሁሉ በስማቸው ይጠሩ!
ክብር ለሕዝብ ልጆች!