ባትሪ ለምትጠግኑ፦ 9,900 የተጻፈበትን ድንጋይ ለምን አታምኑትም?

በአማርኛ መብራቱን ራሱን «ባትሪ» እንለዋለን፤ ውስጡ የሚገባውን ደግሞ «ድንጋይ»። ስለ ሳይንሱ ለሚጽፍ ሰው ትንሽ ያምታታል፤ ግን የጠጋኞች ቋንቋ ስለሆነ አልቀይረውም። ከዚህ በታች ባትሪ ስል በእጅ የሚያዘውን መብራት፣ ድንጋይ ወይም ሴል ስል ኃይሉን የሚይዘውን ማለቴ ነው።

ከጎሬ እስከ መቱ፣ ከሁሩሙ እስከ በደሌ የእጅ ባትሪ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በቆሎ ሲደርስ ማማ ላይ ወጥቶ የዱር አሳማና ጃርት ሲጠብቅ የሚያድር ሰው አለ። ቡና ተለቅሞ ሲሰጣም እንዲሁ። የሶር ወንዝ ባለ 5 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ ለመቱ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት መሆኑ ግን ማታ መብራት እንዳይጠፋ አያደርግም፤ በተለይ በዚያ አገር ክረምት።

ብዙ ቤት ያለው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቻርጅ የሚደረገው ባለ ፕላስቲክ ቀፎ ባትሪ ነው። ውስጡ 4 ቮልት የሆነች ትንሽ የእርሳስ አሲድ ድንጋይ አለች፤ ከመኪና ባትሪ ጋር አንድ ዘር ናት። ባዶዋን ብዙ ከተቀመጠች ሳህኖቿ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገርና ትሞታለች። ታዲያ ጠጋኙ ምን ያደርጋል? እሷን አውጥቶ ከተጣለ ላፕቶፕ የተፈታ የሊትየም ድንጋይ ይተካል። ጎበዝ ከሆነ ኤልኢዲውንም በትልቅ ይቀይረዋል። ብርሃኑ ከማማው እስከ ጫካው ጫፍ ይደርሳል። እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሳሳታሉ፤ አንዱ ስህተት ገንዘብ ያስከፍላል፣ ሌላው ቤት ያቃጥላል።

ገንዘብ ከሚያስከፍለው እንጀምር። ያ ክብ ድንጋይ 18650 ይባላል፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው፤ መጨረሻ ያለችው ዜሮ ክብ መሆኑን ትናገራለች። ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት፣ በአማካይ 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ነው። ሱቅ ውስጥ ላዩ ላይ 6,800፣ 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት ምናምን የተጻፈበት ታገኛላችሁ። ውሸት ነው። ታዋቂዎቹ ፋብሪካዎች በዚህ መጠን ለረጅም ዓመታት ሲሸጡ የኖሩት ትልቁ 3,500 አካባቢ ነው። ቴስተር እንኳ ባይኖራችሁ ወርቅ ቤት ሄዳችሁ አስመዝኑት፦ ደህና 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ድረስ ይመዝናል። 30 ግራም ከሆነ ውስጡ ግማሹ ባዶ ነው።

ቁጥሩ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ለኃይለኛ ባትሪ ዋናው እሱ አይደለም። ሮቶ አስቡ። ሚሊአምፔር ሰዓት የሮቶው ትልቅነት ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ከሥሩ ያለው ቧንቧ ስንት ነው የሚለውን ነው። ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ሮቶው ቢሞላም ውኃው ይንጠባጠባል። በድንጋይ ቋንቋ ይህ የቧንቧ ጥበት «የውስጥ ሬዚስታንስ» ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 3 አምፔር የሚስብ ኤልኢዲ አላችሁ እንበል። ያረጀ የላፕቶፕ ድንጋይ 0.15 ኦም ቢኖረው 3 ሲባዛ በ0.15፣ 0.45 ቮልት እዚያው ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። 3.7 የነበረው 3.25 ሆኖ ይወጣል። ኤልኢዲው ደግሞ ለ3 አምፔር 3.3 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ግማሹን ሳይጨርስ ብርሃኑ ይደክማል። ሰው «ድንጋዩ አለቀ» ይላል፤ አላለቀም፣ አፉ ጠቦ ነው። ባትሪውን አሻሽላችሁ 10 አምፔር እንዲስብ ብታደርጉት ደግሞ ያው ድንጋይ 1.5 ቮልት ይውጣል፤ የሚበላው 15 ዋት በሙሉ እጃችሁ ላይ ሙቀት ይሆናል። የማይሆን ነገር ነው።

ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ሁለት ዓይነት የሚሠሩት። የፓናሶኒኩ ኤንሲአር18650ቢ ወደ 3,400 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ግን ሳያቋርጥ የሚሰጠው ከ7 አምፔር በታች ነው። የሳምሰንጉ 30ኪው 3,000 ብቻ ይይዛል፤ ሲሰጥ ግን 15 አምፔር ይሰጣል። የዚያው የሳምሰንግ 25አር 2,500 ይዞ 20 አምፔር ይሰጣል። አንድ ኤልኢዲ ላለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ለሚበራ የማማ ባትሪ የመጀመሪያው ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። ሦስት አራት ኤልኢዲ ለደረደረ ሰው ግን 30ኪውን እመርጣለሁ። 25አርን የምመክረው ከ10 አምፔር በላይ በእርግጥ ለሚስብ ነው። የእነዚህም አስመስሎ የተሸፈነ አለ፤ ሚዛኑን አትርሱ።

የላፕቶፕ ድንጋይ ነው ያለን ካላችሁም ተስፋ አለ። ላፕቶፕ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስድስት ድንጋይ አለ፤ አንድ ጥንድ ሲሞት ሙሉው ይጣላል፤ የቀሩት ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ስትፈቱት ከ2 ቮልት በታች የሆነውን አታስነሱት። በጣም ባዶ ሲሆን ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፣ ቻርጅ ሲደረግ ተመልሶ ይጋገርና ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። ደህና የመሰለውን ሞልታችሁ ቮልቱን ለኩ፤ 4.10 ይሁን። ከዚያ ባለ 10 ዋት፣ 2 ኦም ሬዚስተር አገናኙና ወዲያው እዚያው ጫፎቹ ላይ ለኩ። 3.80 ካለ፣ የሄደው ኤሌክትሪክ 3.80 ሲካፈል ለ2፣ 1.9 አምፔር ነው። የወረደው 0.30 ቮልት ለ1.9 ሲካፈል ወደ 0.16 ኦም ይመጣል። ይህ ለስልክ መሙያ ይሁን እንጂ ለኃይለኛ ባትሪ አይሆንም። እኔ ከ0.05 በላይ የሆነውን አልቀበልም። (ሬዚስተሩ ያቃጥላል፤ በእጃችሁ አትያዙት።)

አሁን ወደሚያስፈራው ስህተት። ያ ፕላስቲክ ባትሪ ሲገጠም ከራሱ ቻርጀር ጋር ነው የመጣው፤ ብዙ ጠጋኝ ድንጋዩን ቀይሮ ቻርጀሩን ይተወዋል። ክፈቱትና እዩት፦ አንድ ካፓሲተር፣ ጥቂት ዳዮድ፣ አለቀ። 220 ቮልቱን የሚገታው ካፓሲተሩ ብቻ ነው። 1 ማይክሮ ፋራድ ከሆነ 70 ሚሊአምፔር ገደማ ያሳልፋል፤ የሚያሳልፈውም ሶኬቱ እስኪነቀል ድረስ ነው። «ሞላ፣ በቃ» የሚል ነገር የለውም። የእርሳስ አሲዷ ድንጋይ ይህን ትችላለች፤ ትርፉን በጋዝና በሙቀት ታስወጣዋለች። ሊትየም ግን ማስወጫ የለውም። ከ4.2 አልፎ 4.3፣ 4.5 እያለ ይወጣል፤ ውስጡ የሊትየም ብረት ይጋገራል፤ ፈሳሹ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።

«እኔ ዓመት ሙሉ ሰክቼ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልዋሸም። አዲስ 2,500 ድንጋይ በ70 ሚሊአምፔር ከባዶ ለመሙላት 36 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ አንድ ሌሊት ቢሰካ አይደርስም። ድንጋዩ አርጅቶ 700 ብቻ መያዝ ሲጀምር ግን ያው ቻርጀር በ10 ሰዓት ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ከላፕቶፕ የሚፈቱት ደግሞ ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ያን ቻርጀር ነቅላችሁ ጣሉት፤ የሶኬት ጥርሶቹንም ጭምር፤ ድንጋዩን በቀጥታ ከ220 ቮልት ጋር የሚያገናኙ ናቸውና ቀፎው ሲረጥብ ሰው ይይዛል። በምትኩ ቲፒ4056 የተባለችውን ትንሽ ሰሌዳ ግጠሙ። ከስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ተቀብላ እስከ 1 አምፔር ትሞላለች፤ 4.2 ቮልት ላይ ቮልቱን ይዛ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ራሷ ታቆማለች። መከላከያ ያላትን ግዙ፤ ባለ ስድስት ቀዳዳዋ ናት። አንድ ችግር አላት፦ መከላከያው 3 አምፔር አካባቢ ሲደርስ ይቆርጣል። ባትሪያችሁ 10 አምፔር የሚስብ ከሆነ ሲበራ ወዲያው ይጠፋባችኋል። ያኔ አንዳንዱ መከላከያውን ዘሎ በቀጥታ ያገናኛል፤ እንዲህ አታድርጉ፤ ማማ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ድንጋዩን ከመጠን በላይ ያደርቀዋል። ለአንድ ድንጋይ የሚሆን፣ 10 አምፔርና ከዚያ በላይ የሚችል የመከላከያ ሰሌዳ ለብቻው ይሸጣል፤ እሱን በድንጋዩና በመብራቱ መካከል አስገቡት። ቀፎው ውስጥ ቦታ ከጠበበ የአሮጌዋን ድንጋይ ክፍል ግድግዳ ቁረጡት፤ ከእንግዲህ አያስፈልግም።