የሞተር መጋዝን መሪ ብረት ከሞተሩ ጉልበት ጋር ስለ ማስማማት
በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ጠንካራ እንጨት ለሚያስቈርጡ ሹማምንትና ባለይዞታዎች

መሣሪያ ለሥራው ሲስማማ ጉልበትን ይቈጥባል፤ ሳይስማማ ግን ገንዘብንም ሠራተኛንም ይጐዳል። ይህ ነገር በሞተር መጋዝ ላይ ጎልቶ ይታያል። መጋዝ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመለከተው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን መሪ ብረት ርዝመት ነው፤ ረጅሙ ብረት ኀይለኛ መስሎ ስለሚታየው የሞተሩን ጉልበት ሳይጠይቅ ይገዛል። በይፋት ቆላ ግን ይህ ልማድ ብዙ ኪሳራ ያመጣል።

ምክንያቱም የእንጨቱ ጠባይ ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ በብዛት የሚቈረጠው ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ግንዱ ቀጥ ያለ ነው፤ አብዛኛውንም ጊዜ በእርጥብነቱ ይቈረጣል። ከዚያ ጣርማ በርን ወርዶ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ለሚደርስ ሰው ግን የሚያገኘው ግራር፣ ቁርቁራ፣ በደኖና ሮቃ ነው። የነዚህ እንጨት ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከደረቀ በኋላማ ስለቱ ያልተሳለ መጥረቢያ አይደፍረውም።

መሪው ብረት በረዘመ ቍጥር የሰንሰለቱም ርዝመት ይጨምራል፤ ፍትጊያውም ይበዛል። ብረቱ በሙሉ በወፍራም ግንድ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጥርሶች ባንድ ጊዜ እንጨቱን ይነክሳሉ። ለስላሳ እንጨት ይህን ሸክም ያቀልለዋል፤ ጠንካራው ግን አይለቅም። በዚህ ጊዜ የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፣ ሰንሰለቱ ይቆማል፣ ፍሪሲዮኑም እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ሠራተኛው ግን ጥፋቱ የብረቱ ርዝመት መሆኑን ስለማያውቅ ሰንሰለቱን ይለዋውጣል፤ ነገሩ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው።

የሞተር ጉልበት በአብዛኛው የሚገመተው በሲሊንደሩ ይዘት፣ ማለት በሲሲ ነው። ወደ 40 ሲሲ ለሚሆን ሞተር ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብረት ይስማማዋል። ከ50 እስከ 60 ሲሲ ለሆነው ከ40 እስከ 50፤ ከ60 እስከ 75 ሲሲ ለሆነው ደግሞ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚህ የረዘመ ብረት ከ90 ሲሲ በላይ ለሆኑ ታላላቅ ሞተሮች የተገባ ነው። ለጠንካራ እንጨት ከነዚህ መጠኖች ሁልጊዜ አጭሩን መምረጥ ይሻላል። የሮቃ ግንድ ወፍራም ቢሆንም እንኳ፣ በ50 ሳንቲ ሜትር ብረት ከሁለት ወገን ቢቈረጥ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ግንድ ለመጨረስ ይቻላል።

ርዝመቱ ብቻ ግን አይበቃም። የሰንሰለቱ ጥርሶች ርቀት ሰንሰለቱን ከሚያዞረው ባለጥርስ መዘውር ጋር፣ ውፍረቱም ከመሪው ብረት ቦይ ጋር መስማማት አለበት። ይህ ልክ በብረቱ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ መለዋወጫ የሚገዛ ሹም አሮጌውን ብረት ይዞ ቢሄድ ከስሕተት ይድናል።

ሌላው የሚታሰብ ነገር የአገሩ ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በ1,000 ሜትር ከፍታ የሞተር ጉልበት አንድ ዐሥረኛ ያህል ስለሚቀንስ፣ ወደ ቆላ የወረደ መጋዝ ጉልበቱ ይጨምራል። ሆኖም ካርቡራቶሩ በደጋው ቀጭን አየር ተስተካክሎ ከሆነ፣ በቆላው ወፍራም አየር ነዳጁ ያንሰዋል፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ግሎ ፒስቶኑ ይነክሳል። ስለዚህ ራሱን የማያስተካክል ካርቡራቶር ያለው መጋዝ ሁሉ ሸዋ ሮቢት እንደ ደረሰ፣ ሥራ ሳይጀምር፣ በሚያውቅ ሰው መስተካከል አለበት።

የሚያሳስበው ሥራ ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾኻም ዛፍ መመንጠር ነው። ይህ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ዛፍ በአዋሽ ሸለቆ ተስፋፍቶ የአፋርን ግጦሽ ውጧል፤ ከብትም ፍሬውን በልቶ ዘሩን በፋንድያው ስለሚበትነው ለይፋት ቆላ አዋሳኝ መሬቶችም ያሰጋል። ማሾና ማሽላ የሚዘራበት ማሳ እንዳይያዝ ፈጥኖ መቈረጥ ይኖርበታል። ግንዱ ብዙ ቅርንጫፍ ያለውና በአብዛኛው ቀጭን በመሆኑ፣ ለዚህ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያለው አጭር ብረት ይበቃል፤ በእሾህ መካከልም ለመያዝ ይቀላል። ጉቶው ካልተነቀለ ግን እንደገና ያቈጠቍጣል። ጉቶውን በመጋዝ መንቀል አይገባም፤ አፈር የነካው ሰንሰለት ወዲያው ይደነዝዛልና በዶማና በመጥረቢያ ይነቀል።

መጋዙ ደንዝዞ እንደ ሆነ ፍርፋሪው ይናገራል። የተሳለ ሰንሰለት ወፈር ያለ ስንጣሪ ያወጣል፤ የደነዘዘው ግን እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ያወጣል። ነዳጅ በተሞላ ቍጥር በክብ ሞረድ መሳል፣ ዘይቱም ወደ ሰንሰለቱ መድረሱን ማየት ያስፈልጋል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት የብረት ብናኝ ስላለበት ብረቱን ይበላዋል። የብረቱ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙን ወደ ሠራተኛው ፊት ሊያስፈነጥረው ስለሚችል፣ በጫፉ መቍረጥ ከቶ አይገባም።

ስለዚህ መጋዝ ከመግዛት አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ የሚቈረጠው ዛፍ ምን ያህል ወፍራም ነው፤ እንጨቱስ ምን ያህል ጠንካራ ነው፤ ሞተሩስ ስንት ሲሲ ነው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 1065 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷልና፣ ዛፍ ከመቈረጡ በፊት ፈቃዱን መመርመር የሹሙ ሥራ ነው። ጥላ የሚሰጠውን ግራርና ሮቃ ጠብቆ፣ ግጦሹን የሚውጠውን እሾህ ለይቶ የሚያስመነጥር ሹም ለመሬቱም ለመጋዙም ዕድሜ ይጨምራል።